የመኪናችን ሲጢጥታ

አባቴ መኪና ገዝቶ ወደ ቤት ያመጣ ቀን ጎረቤቱ ደጃችን ላይ የተሰበሰበው እሷን ለማየት ብቻ አልነበረም፤ አባቴ ስለሷ ምን እንደሚል ለመስማትም ጭምር ነው። አባቴ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነበር። ሠራተኛው በስሙ አይጠራውም፤ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። ረጅም ካቻቪቴ አለው። የካቻቪቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ይቺ ውስጧ ብሎን ላልቷል» ወይም «ይሄኛው ሳምንቱን አይጨርስም» ይላል፤ እንዳለውም ይሆናል። እኔ ያኔ ገና ማንበብ የጀመርኩ ልጅ ብሆንም በዓለም ላይ የአባቴን ያህል ጆሮ ያለው ሰው እንደሌለ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር።

መኪናዋ አርጅታለች። ቀለሟ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፤ የኋላ ወንበሯ የሻገተ ብርድ ልብስ ይሸታል፤ ከመስኮቶቿ አንዱ በእጅ ካልተገፋ አይዘጋም። አባቴ ግን ሞተሩን አስነስቶ ካቻቪቴውን ደገነና «ልቧ ደህና ነው» ሲል፣ የተሰበሰበው ሰው የራሱ ልብ የተመረመረለት ይመስል ተንፈስ አለ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ የኋላው ወንበር በቀኝ በኩል ያለው ጥግ የኔ መሆኑን አወጅኩ። ተቃዋሚ አልነበረኝም፤ ለቤቱ አንድ ልጅ ነኝ።

ሲጢጥታው የጀመረው ዝናቡ ያቆመ ሰሞን ነው። ከገበያ ስንመለስ፣ ጎርፍ ቆፍሮት በሄደው መንገድ ላይ መኪናዋ ከፍ ዝቅ ስትል እናቴ አንገቷን መለስ አደረገች።

«ሰማኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ይሄ ሲጢጥ የሚለውን።»

አባቴ አፍታ አይቷት ዓይኑን ወደ መንገዱ እየመለሰ መንገዱ ነው አላት። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ከተቀመጥኩበት ስር ነው የሚመጣው፤ ሰው አሮጌ የሽቦ አልጋ ላይ ሲገላበጥ እንደሚሰማው ያለ፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ። ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ሲጢጥ፣ ስንወጣ ሲጢጥ። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጥልቅ አይባልም ተብዬ ነው ያደግሁት።

እናቴም በጆሮዋ የምትታማ ሰው አልነበረችም። ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ትውላለች። ደዋዩ ያለቀሰ እንደሆነ፣ የጠጣ እንደሆነ፣ የሚዋሽ እንደሆነ «አቤት» ሲል ብቻ ትለየዋለች። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር፦ ቤታችን ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጆሮዎች አሉ፣ ሁለቱም ሽንፈት አያውቁም፣ አሁን ተፋጠዋል።

አባቴ የእረፍት ቀኑን ጠብቆ እጅጌውን ሰበሰበ። መጀመሪያ የኋላውን ሳጥን ከፍቶ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አወጣ፤ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ እንዳይነቃነቁ አድርጎ ወሸቃቸው። በየመሀሉም ያስረዳኛል። መኪና ውስጥ ድምፅ ሲሰማ ጀማሪ ሰው ወደ ሞተሩ ይሮጣል፤ አዋቂ ግን መጀመሪያ የተረሳ ዕቃ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ግማሹ በሽታ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ነው ይለኛል። ዙሪያውን ነድተን ተመለስንና «አለቀ» አለ። እናቴ አሁንም አለ አለችው።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን የበሮቹን ማጠፊያ ሁሉ ግራሶ ቀባ። ነዳን። አለቀ አለ። አላለቀም አለችው። ከዚያ በኋላ የፊት ወንበሮቹን ፈትቶ አወጣና የሚንሸራተቱበትን ሐዲድ ጠርጎ ቀባ። ወንበሮቹ በረንዳው ላይ በዋሉበት ሰዓት እኔ ሹፌርም ተሳፋሪም ሆኜ ብዙ አገር ዞርኩባቸው። ሥራው ያምራል፤ አባቴ የፈታውን ብሎን በየተራው ጨርቅ ላይ ደርድሮ፣ አንዱም ሳይጠፋ፣ አንዱም ሳይተርፍ መልሶ ያስር ነበር። ነድተን ስንመለስ ግን እናቴ ምንም ሳትል ወደ መስኮቱ ዞረች። እሱም አልጠየቃት። ከኔ ስር ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

ሁለቱ ቢጨቃጨቁ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከጎናችን ባለው ቤት ልብስ ትሰፋ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ከመስፊያው ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ የወደቀ መርፌ ስለቅም እናቴ ከሥራ መልስ ገባች። እዚያ መሆኔን አላየችም። ጥቂት ጊዜ ስለ አንድ ቀሚስ ሲያወሩ ቆዩና የእናቴ ድምፅ ዝቅ አለ።

«እትዬ፣ ወንድምዎ አይሰማም።»

የመስፊያው መርገጫ ቆመ። የአክስቴ እግር ከፊቴ ነበር፤ ጣቶቿ ነጠላ ጫማው ውስጥ ሲጨብጡ አየሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው አለቻት። እናቴ ያረጋገጥኩት በዚች መኪና ነው፣ ግን ሳስበው ቆይቷል፣ ልብ ሳልል ነው አለች። አክስቴ ነግረሽዋል ወይ አለቻት። እናቴ እንዴት ብዬ፣ ከየት ጀምሬ አለች። ከዚያ አክስቴ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን ተናገረች።

«እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም። አንድ ቀን አደጋ ይመጣል። ንገሪው፣ ከዚያ አለቆቹ ይወቁት። እሱ እምቢ ካለ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

መርፌዎቹን በእጄ እንደጨበጥኩ ክው ብዬ ቀረሁ። አይሰማም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አውቅ ነበር። እኔም ብዙ ጊዜ የተባልኩት ነገር ነው፤ አይሰማም ማለት አስቸጋሪ፣ ልቡ ያበጠ፣ ምክር የማይገባው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ እናትና አባቷ የተለያዩት እንዲህ ተጀምሮ ነው። እናቷ አይሰማም፣ አይሰማም ስትል ከርማ አንድ ቀን ሻንጣ አነሳች። አሁን ደግሞ የኔ እናት ብሳ፣ አባቴ ሚስቱን አልሰማ ስላለ ለፋብሪካው አለቆች ልትከሰው ነው። አለቆቹ እንዲህ ያለውን ክስ እንደሚያዩ አልተጠራጠርኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ማስረጃውን በየቦታው ማየት ጀመርኩ። እናቴ ከማድ ቤት ትጠራዋለች፤ እሱ ጋዜጣውን ይገልጣል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል አልኩ። ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከፍ ያደርገዋል፤ ሆን ብሎ ሊያናድዳት ነው አልኩ። እኔን ሲያነጋግረኝ ደግሞ ዓይኔን ሳይሆን አፌን ነው የሚያየው። ይህኛው በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። የዋሸሁ እንደሆነ ከከንፈሬ እያነበበ መስሎኝ እውነቱን ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ። ከከንፈሬ ማንበቡስ እውነት ነበር። ሽመናው አዳራሽ፣ እነዚያ ማሽኖች ሁሉ አንድ ላይ የሚንጫጩበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ጆሮ መከለያ ሲገባ ሲወጣ ጆሮው ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ በዝግታ ሲሄድበት እሱ ራሱ ሳያውቅ ዓይኑ ሥራውን ተክቶለት ነበር። ወፍራሙን፣ የሞተሩን ጉርምርምታ፣ የወንድ ድምፅ ይሰማል። የሴት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፣ የጎማና የብረት ሲጢጥታ ነው የራቀው። እኔ ግን ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ቤታችን ሊፈርስ መሆኑንና የሚያፈርሰውም አንድ ሲጢጥ የሚል ነገር መሆኑን ነው። እሱ ከጠፋ ጠቡ ይጠፋል።

ስለዚህ ላጠፋው ተነሳሁ።

እናቴ ሥራ ላይ ናት፣ አባቴ ከጠዋት ፈረቃ መጥቶ ጋደም ብሏል። ከማድ ቤት የዘይቱን ጠርሙስ አንስቼ ወጣሁ። አባቴ ግራሶ ሲቀባ አይቻለሁ፤ ዘይትም ያው ነው ብዬ የበሮቹ ማጠፊያ ላይ አፈሰስኩ፣ የወንበሩ ሐዲድ ላይ አፈሰስኩ፣ ከዚያም በሆዴ ተኝቼ ከቀኝ የኋላ ጎማው ጀርባ እጄ በደረሰበት ሁሉ አፈሰስኩ። ብድግ ስል አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ቀሚሴ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ዘይት ሆኗል።

ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። እንዳይጮህ ነው አልኩት። ምኑ አለኝ። ሲጢጥ የሚለው አልኩት።

ቁጢጥ አለና ፊቱን ከፊቴ ጋር እኩል አደረገ። ዓይኑ አፌ ላይ ነው።

«እናትሽ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?»

«አይደለም።»

«አንቺም ይሰማሻል?»

ከሁለቱ አንዱን መምረጤ እንደሆነ ገባኝ፤ ዘይት በዘይት ሆኜ ግን መዋሸት አልቻልኩም። «ይሰማኛል» አልኩት። «ሁልጊዜ። ከኔ ስር ነው።»

አልተቆጣኝም። ጠርሙሱን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ፣ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ እጄን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገልኝ። ከዚያ የቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀመጠና ጥላው ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ እስኪደርስ እዚያው ቆየ። ከእናቴ ጋር ስለወገንኩ አኩርፎኛል ብዬ ገብቼ አለቀስኩ። ነገሩ ወዲህ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እናቴ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ እየጮኸባት ስለሚውል የሌለ ድምፅ የሚሰማት መስሎት ያዝንላት ነበር፤ በልቡ እረፍት ውሰጂ ሊላት ሁሉ አስቦ ነበር። በመኪናው ክርክር ውስጥ ያልገባችው ልጁ ደግሞ ይሰማኛል ስትለው፣ ከሦስታችን የታመመው የትኛው እንደሆነ ያን ዕለት ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ደረሰበት።

በማግስቱ የእረፍት ቀኑ ነበር። ቁርስ ሳይቀምስ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከስሯ ገባ። እንደ ወትሮው አላስረዳኝም፤ ቅረቢም አላለኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከመኪናው ስር የወጡትን ሁለት እግሮቹን አያለሁ። የአንደኛው ጫማው ጫፍ ቀስ እያለ መሬቱን መታ መታ ያደርጋል። እናቴ ግቢው መሀል ልብስ ታሰጣለች።

ሌሊቱን ሳይታሰብ የጣለ ዝናብ ያራሰው መሬት ገና አልጠነከረም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት አንድ አዲስ ሲጢጥታ ነው፤ ከመኪናው ሳይሆን ከክሪኩ። ቀና ስል ክሪኩ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። እናቴም ሰምታለች። የያዘችውን አንሶላ ጭቃው ላይ ጥላ «ውጣ! ውጣ አንተ!» አለችው።

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። ጫማው መታ መታ ማድረጉን አላቆመም።

ደግማ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። የአክስቴ የመስፊያ መኪና ቆመ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ምንድነው ምንድነው ሲሉ ተሰማ። ጫማው መታ፣ መታ። እናቴ ሮጣ ደረሰችና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ይዛ፣ እንደ ከረጢት፣ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ጎተተችው። ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተገለበጠ። ራሱ ከመኪናው ስር እንደወጣ ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናዋ ድም ብላ ተቀመጠች።

አቧራ የለም፤ መሬቱ እርጥብ ነው። ድምፁ ብቻ በግቢው ቀረ።

አባቴ በጀርባው እንደተኛ መጀመሪያ እናቴን አየ፣ ቀጥሎ መኪናዋን አየ። እናቴ ከጎኑ፣ በጣለችው አንሶላ ላይ፣ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እንደምትጮህበት ጠበቅሁ። እሷ ግን ጉንጩን በመዳፏ ይዛ ፊቱን ወደሷ አዞረችና በዝግታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ተናገረች።

«ስጠራህ ነበር።»

«አልሰማሁም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን፣ እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ የጮህኩትን፣ የዓለም ታላቁ ጆሮ አልሰማሁም ይላል። ያን ዕለት በልጅ ልቤ የደመደምኩትን ዛሬም ሳስበው ጨው የነካው ቁስል ያህል ያቃጥለኛል፤ ደግሞም ያስቀኛል። አባቴ ሚስቱን ከሚሰማ መኪና ቢጫነው ይመርጣል አልኩ። እናቴ ደግሞ ይህን እያወቀች «አውቃለሁ» ብላ ጉንጩን ይዛዋለች። ትልልቅ ሰዎችን ለመረዳት የማደርገውን ጥረት ለጊዜው ተውኩት።

ቀኑን ሙሉ መኝታ ቤት በሩን ዘግተው አወሩ። ከውጭ የሚሰማኝ የእናቴ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቀስ ያለ፣ አንዳንዴ የሚደግም። አክስቴ ምሳ ሠርታ አመጣች፤ ምን እያወሩ ነው ስላት ስለ መኪናው አለችኝ።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ሁለቱ አብረው ወጡ። መኪናዋን ከጭቃው አውጥተው ከበሩ ፊት ድንጋይ የተነጠፈበት ላይ አቆሟት። አባቴ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፣ ክሪኩ ስር ሰፊ ጣውላ አነጠፈ፣ ከፍ ካለች በኋላም ወፋፍራም ግንድ ግራና ቀኝ ከጎማ ተሸካሚው ብረት ስር አስገብቶ ክብደቷን በግንዱ ላይ አሳረፈ። በትከሻው ገፍቶ ሞከራት፤ ከግንዱ ንቅንቅ አላለችም። እናቴ የሥራ ጫማዋን አውልቃ የሱን ቦት ጫማ አጥልቃ ነበር። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። እንደዚያ አምራ ያየኋት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሥራውን እንዲህ ተካፈሉት። እናቴ የኋላውን ቀኝ ጥግ በሁለት እጇ ይዛ ትጫነዋለች፣ ትለቀዋለች፤ የመኪናዋ አካል በሞላዋ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ሲጢጥ ይላል። አባቴ ከስር ሆኖ መዳፉን በየብረቱ መገጣጠሚያ ላይ በየተራ ያስቀምጣል። ድምፁ ሲመጣ እናቴ በቦት ጫማዋ ጫማውን ነካ ታደርገዋለች። ነካ፤ መዳፉን ያዛውራል። ነካ፤ ያዛውራል። እኔ ይህን ሳይ ቀለለኝ። በእግራቸው እየተጎሻሸሙ ይጫወታሉ፣ ታርቀዋል ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ አባቴ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ እንድመጣ ጠራኝ፤ ክዳኑን በምስማር በስቶታል። ብረቱ ከብረት እንዳይፋጭ በየመገጣጠሚያው የሚገባ ቦኮላ የሚባል ወፍራም የላስቲክ ቀለበት አለ። አዲስ ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ሲያረጅ ይደርቅና እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰነጣጠቃል። የሚጮኸው እሱ ከሆነ ውኃ ሲነካው ለጊዜው ዝም ይላል ብሎ አስረዳኝ። ድምፁ እንደ ድሮው፣ እንደ አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ። አንዱን ላስቲክ አረጠበው፤ እናቴ ተጫነች፤ ሲጢጥ። ነካ አደረገችው። ቀጣዩን አረጠበ፤ ሲጢጥ፤ ነካ። ከጎማው ጀርባ ያለውን፣ እኔ ዘይቴን ላደርስበት ሞክሬ ያልደረስኩበትን፣ ሲያረጥብ እናቴ ተጫነች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ተጫነች። እግሯን አላነሳችም።

አባቴ ከስር ራሱን አወጣ። እናቴ ጭንቅላቷን በአዎንታ ነቀነቀች። የአባቴ ፊት በሙሉ ጥርስ ሆነ።

አዲሱን ላስቲክ ገዝቶ መጣና አሮጌውን በመዶሻና በቱቦ ቁራጭ መታ መታ አድርጎ አስወጣው። እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ተፈረፈረ። ይሄ ነው ያስቸገረን አለኝ። የጣት ቀለበት የምታህል ነገር ለቤታችን ያን ያህል ጣጣ ማምጣቷ ገረመኝ። አዲሱን በሳሙና ውኃ አርሶ ገፍቶ አስገባው፣ ብሎኑን አሰረ፣ አጠበቀ፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

ለሙከራ የሄድነው በዚያው ጎርፍ በቆፈረው መንገድ ነው። አባቴ ሆን ብሎ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ይገባባቸዋል። እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ከወንበሩ ስር ያለውን አዳምጣለሁ። የለም። ከፍ፣ ዝቅ፣ የለም። እናቴ እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ሲነዳ እጇ እዚያ ነው፤ ከኋላ የሚመጣብን መኪና ካለ ጠበቅ ታደርገዋለች፣ ጥሩምባ የነፋ ካለ ሁለቴ መታ ታደርገዋለች። የክፍል ጓደኞቼ ሲያዩዋቸው በጣም አፍር ነበር፤ ሰው ፊት እንዲህ ይፋቀራሉ እያልኩ።

«ጠፋ» አለች እናቴ ፊቷን ወደሱ አዙራ።

በመስታወቱ ውስጥ የኔን አፍ ፈለገ። «አንቺስ?»

«የለም» አልኩት።

መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆመ።

«እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም» አለ። «ከመጀመሪያውም።»

ከት ብዬ ሳቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄ? ላስቲኩ እጄ ላይ ተፈርፍሮ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ ሁላችንም መስክረንበት አሁንም አልረታም ይላል። ሳቄ ግን ብቻውን ቀረ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። በመሸነፍ ፈንታ ካደባት ብዬ ላፅናናት እጄን ትከሻዋ ላይ ሳደርግ አባቴ ወደ ኋላ ዞረ፤ በመስታወት ሳይሆን በራሱ አንገት። የሳቄን ድምፅ ባይሰማም ሳቄን አይቶታል። እሱም መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ወርዶ ዞሮ የእናቴን በር ከፈተላትና አንቺ ንጂ፣ እኔ ደግሞ ልቀመጥ አላት። መንጃ ፈቃዷ ሳጥን ውስጥ ከርሟል። በየመስቀለኛ መንገዱ ሞተሩ እየጠፋባት፣ እየተንገጫገጭን፣ ሦስታችንም እየሳቅን ገባን። የክርክሩ ተሸናፊ መሪውን እንደሚያስረክብ ተረዳሁ፤ ሕጉ ፍትሐዊ መሰለኝ።

በማግስቱ ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ክሱ ደረሰ አልኩ። አክስቴ ደጅ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትሸኛቸው አየሁ። ሲመለሱ ግን አባቴ አልተቀጣም። ከሽመናው አዳራሽ አውጥተው አዲስ ጥገና ሠራተኞች ወደሚሰለጥኑበት ክፍል አዛወሩት። እዚያም የጆሮ መከለያ ያላደረገ ወጣት አዳራሹን እንዳይረግጥ አስከልክሎ፣ አንዳንዱን በኮሌታው ይዞ እያስወጣ፣ ስሙ ከ«ሐኪሙ» ወደ «ፖሊሱ» ተለወጠ። አልከፋውም።

ቤታችን ውስጥ ነገሩ አንድም ቀን በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። ሲያናግሩት ፊት ለፊት መቆም፣ መጀመሪያ ክንዱን መንካት፣ ወፈር አድርጎ መናገር የቤቱ ደንብ ሆነ፤ እኔም ደንቡን ይዤ አደግሁ። አባቴ እንደማይሰማ መቼ እንዳወቅሁ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቀስ በቀስ የሚገባ ነገር ነው። ከመኪናዋ ጋር ያገናኘሁት ግን ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ በኋላ፣ በስንት ልመና እሺ ብሎ ወደ ጆሮ ሐኪም ይዘነው ስንሄድ ነው። ሐኪሟ መቼ ጀመረው ብላ ስትጠይቅ እናቴ ሳታስብ «የመኪናው ጊዜ» አለች።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ከጠረጴዛው ስር የሰማሁትን፣ ክሪኩ ሲንሸራተት ያየሁትን፣ የደመደምኩትን ሁሉ ነገርኳት። አይሰማም ስትይ ምክርሽን አይቀበልም ያልሽ መስሎኝ ነበር አልኳት። እናቴ መሀረቧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ሌሎቹ ታካሚዎች እስኪዞሩ ድረስ፣ እየተንፈራፈረች ሳቀች። ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ፦

«እሱስ፣ እሱም ነበር» አለችኝ።

አባቴ ከሐኪሟ ክፍል ሲወጣ በሁለቱም ጆሮው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ተሰክቷል። ለሠርግ የሚለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል። የራሱ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጮህ እየሰማ ቆም፣ ሄድ፣ ቆም እያለ ወጣ። አንዲት ሴት በአጠገቡ ስታልፍ አስነጠሰችና ሁለት እርምጃ ዘለለ። መኪናዋ ውስጥ ገባን፤ ያቺው ናት፣ ቀለሟ ብቻ ተቀይሯል። እናቴ እንደተለመደው መሪው ጋ፣ እሱ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ሞተሩን አስነስታ ገና መንገዱን እንደያዝን አባቴ እጁን አነሳ።

«ቁሚ።»

ዳር ያዘች። አባቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ደስታ ሊለይልኝ አልቻለም።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አለ። «እዚህ ከፊት የሚንገጫገጨው፣ ከኋላ የሚያፏጨው፣ ደግሞ አንድ የሚያንኳኳ አለ።»

እናቴ ከጀመሩ ቆይተዋል አለችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ይሰማኛል ብዬ» አለችው።

በቁም ነገር አያት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ኮቱን አውልቆ በመስኮቱ ለኔ አቀበለኝ፣ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ ዞሮ ኮፈኑን ከፈተ።